ሽፍታው በተሾመ ጊዜ

ሰው ስለ ራሱ የማይወደውን ነገር ለማወቅ አንዳንድ ጊዜ ከወንበሩ ራቅ ማለት ያስፈልገዋል። በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጠረጴዛው፣ ማኅተሙና የጠዋቱ ሰላምታ ሁሉ “አንተ ደኅና ሰው ነህ” እያሉ ያባብሉታል። ከወንበሩ ተነሥቶ ማንም በማያውቀው አገር በገደል ሥር ሲቆም ግን የሚያባብለው ቃል የለምና የኋላ ታሪኩ ተነሥቶ ያነጋግረዋል። እኛንም የገጠመን ይኸው ነው። የገጠመንም በወንጪ ሐይቅ ላይ፣ በጀልባ ውስጥ ሳለን፣ አንዲት ልጅ በጠየቀችን ጥያቄ ምክንያት ነው።

በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ታሪክ እናስተምራለን። ከዚያ አስቀድሞ በሌላ ከተማ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነን ሠርተናል። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ዐሥራ ስድስት ተማሪዎች ይዘን ወንጪን ልናሳያቸው ሄድን። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያሻግረው የደጋ መንገድ ሽቅብ ሲወጡ ገብሱና እንሰቱ ግራና ቀኝ ይታያል፤ ነፋሱ ብርድ ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይጸጸታል። ከዚያ በኋላ ምድሩ በድንገት ይከፈትና፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ተራራ ውስጥ የተኛው ሐይቅ ከታች ይታያል። አፋፉ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ውኃውን ቍልቍል የሚያይ ሰው ሰማይን ቍልቍል ያየ ይመስለዋል። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ከቈጠራት ወዲህ የጎብኚው ቍጥር በዝቷል፤ ሆኖም የፈረሱ መንገድና የጀልባው ዝምታ ዛሬም አልጠፉም።

በፈረስ ወርደን፣ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ደሴት ለመሻገር ግማሾቻችን በአንድ ጀልባ ገባን። ውኃው መካከል ስንደርስ፣ ቀልድ የሚወድ አንድ ልጅ ዙሪያውን ገደሉን አየና፣ “መምህር፣ እዚህ ሐይቅ ላይ የባሕር ወንበዴ ቢኖር በየት በኩል ያመልጣል?” ብሎ ጠየቀ። ጓደኞቹ ሣቁ። እኛ ግን ታሪክ አስተማሪ ነንና በቀልድ የመጣ ጥያቄ በከንቱ እንዲያልፍ አንወድም። “ሐይቅ ውስጥ ተዘግቶበት ያመለጠ ወንበዴ ነበረ፤ ኋላም አገር ገዥ ሆኖ ሞተ” አልናቸው። ሣቁ ቆመና ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። የሚከተሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሔንሪ ሞርጋን በ1635 ገደማ በዌልስ አገር ተወለደ። እንግሊዞች የጃማይካን ደሴት በ1655 ከእስፓኝ ወሰዱ። ደሴቲቱን ወሰዷት እንጂ የሚጠብቅላቸው በቂ የባሕር ጦር አልነበራቸውም፤ ዙሪያዋም በእስፓኝ ግዛት የተከበበ ነበር። ስለዚህ ገዥው ሰር ቶማስ ሞዲፎርድ በወደቡ የሚያንዣብቡትን የባሕር ሽፍቶች ጠርቶ ወረቀት ሰጣቸው። የወረቀቱም ፍሬ ነገር፣ የእስፓኝን መርከብ ምቱ፤ ከምርኮውም ድርሻውን ለመንግሥት ክፈሉ የሚል ነበር። እንግዲህ አንድ ዐይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ወረቀት የያዘው ወታደር ይባላል፤ ወረቀት ያልያዘው ይሰቀላል። እስፓኞች በበኩላቸው ሁለቱንም ወንበዴ ይሏቸው ነበር፤ የተዘረፈ ሰው የዘራፊውን ወረቀት አይመረምርምና።

ሞርጋን ወረቀት ከያዙት ወገን ነበረ። በ1668 ፖርቶ ቤሎ የምትባለውን ከተማ ይዞ 100,000 የእስፓኝ ብር ቤዛ አስከፈለ። በ1669 ደግሞ ወደ ማራካይቦ ሐይቅ ገባ። ይህ ሐይቅ ከባሕር ጋር የሚገናኝበት አፍ ጠባብ ነው። ሞርጋን በውስጥ ያሉትን ከተሞች ሲዘርፍ ቆይቶ ሊወጣ ቢመለስ፣ ሦስት ታላላቅ የእስፓኝ የጦር መርከቦች አፉን ዘግተው ጠበቁት፤ በዳሩም ያለው ምሽግ መድፍ ጠምዶ ነበር። እርሱም አንዲት መርከብ በባሩድና በቅጥራን ሞላና፣ ግንድ አቁሞ፣ ባርኔጣ ደፍቶለት፣ በሰው የተሞላች አስመስሎ ላካት። እስፓኞች ሊዋጓት ሲቀርቡ ተቃጠለች፤ ታላቂቱንም መርከባቸውን አብራ አቃጠለች። ምሽጉን ለማለፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰዎቹን በታንኳ ወደ የብስ ሲያመላልስ ዋለ። ወደ የብስ ሲሄዱ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሲመለሱ ግን በታንኳው ወለል ላይ ተጋድመው አይታዩም ነበር። እስፓኞች በየብስ ሊመጣብን ነው ብለው መድፋቸውን ወደዚያ አዞሩ። በሌሊት ሞርጋን መልሕቁን ነቅሎ፣ ዝም ብሎ በሐይቁ አፍ ወጥቶ ሄደ።

ተማሪዎቻችን በዚህ ጊዜ አጨበጨቡ። እኛም እንደ ልጅ ደስ አለን። ብልኀት ያለው ሽፍታ ሰምቶ የማይደሰት ልጅ የለም፤ የተቃጠሉትንና የተዘረፉትን በታሪኩ መካከል ማንም አይቈጥራቸውም።

ከዚያ በኋላ ሞርጋን ከአንድ ሺሕ የሚበልጥ ሰው አስከትሎ፣ ጫካውን በእግር አቋርጦ፣ በ1671 ፓናማን ወጋ። ከተማዪቱም ነደደች። ነገር ግን እንግሊዝና እስፓኝ በ1670 ታርቀው ኖሮ ዘመቻው ከዕርቅ በኋላ የተደረገ ሆነ። ያን ጊዜ ወረቀቱ አላዳነውም፤ በ1672 ተይዞ ወደ ሎንዶን ተላከ። ነገሩ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በመቅጣት ፈንታ በ1674 የሰርነት ማዕረግ ሰጡትና የጃማይካ ምክትል ገዥ አድርገው ወደ ደሴቲቱ መለሱት። ዋናው ገዥ በሌለበትም ጊዜ እርሱ ራሱ የገዥውን ሥራ ይሠራ ነበር። ሽፍታው ዳኛ ሆነ። በባርያ ጉልበት የሚታረስ ሰፊ የሸንኮራ እርሻም ነበረው።

“ታዲያ የቀድሞ ጓደኞቹን ምን አደረጋቸው?” አለ ያ ቀልደኛ ልጅ።

“የባሕር ውንብድናን የሚከለክል ዐዋጅ አወጀባቸው” አልነው። “ከተያዙትም አንዳንዶቹ ቅጣታቸውን እንዲቀበሉ ወደ እስፓኝ ሹም ተላኩ።” ጨምረንም ነገርናቸው። ከሞርጋን ጋር ዘምቶ የነበረ ኤክስኬሜሊን የተባለ ሐኪም የባሕር ሽፍቶቹን ታሪክ ጽፎ፣ በ1678 በሆላንድ ቋንቋ፣ በ1684 በእንግሊዝኛ ታተመ። ሰር ሔንሪም አሳታሚዎቹን ከሰሰና በ1685 ካሣ አስፈረደባቸው። ሹሙ ሰውዬ የኋላ ታሪኩ በመጽሐፍ ሲነበብ አልወደደም። በተለይም በወጣትነቱ ለአገልጋይነት ተሸጦ መጣ መባሉ አስቈጥቶታል ይባላል።

ይህን ተናግረን ሳንጨርስ፣ ከጀልባው ኋላ ተቀምጣ ስትሰማ የነበረች አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ “መምህር፣ ለእስፓኞች አሳልፎ የሰጣቸው ሰዎች ሲወሰዱ ምን አሉት?” ብላ ጠየቀችን።

መልስ አልነበረንም። በመጽሐፍ ያነበብነው የሹሙን ዐዋጅ እንጂ የእስረኞቹን ቃል አይደለም። ይሁን እንጂ ዝም ያሰኘን አለማወቃችን ብቻ አልነበረም። ጥያቄው እንደ እሾህ በአንድ የታወቀ ቦታ ላይ ወጋን። ጀልባውም ደሴቱ ደረሰና ሰበቡን አግኝተን ወረድን።

ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን ከጥላ ሥር ቆሎ ስንበላ፣ ቀልደኛው ልጅ፣ “በእኛ አገርስ እንዲህ ያለ ሰው አለ?” አለን። ጥያቄው ከዚያች ልጅ ዐይን የምንሸሽበት መንገድ ስለ ሆነልን በደስታ ተቀበልነው። ወደ ተራራው ጥግ በእጃችን እያመለከትን፣ “ያ ዛፍ ምንድር ነው?” ብለን ጠየቅናቸው። አንዲቱ፣ “ኮሶ ነው” አለች። “እንግዲያውስ ከኮሶ እንጀምር” አልን።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ከባላባት ወገን ቢሆንም ቶሎ ስለ ሞተ፣ እናቱ ከድህነት የተነሣ ኮሶ ትሸጥ ነበር እያሉ ጠላቶቹ ይሰድቡት ነበር። የአባቱ ወገን የገዛት ቋራ በእቴጌ መነን እጅ ስትወድቅ ካሣ ቈላ ወርዶ ሸፈተ። በዚያ በመሳፍንት ዘመን ሽፍትነት የሹመት ደጅ ጥናት ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ጉልበት የሌለው ጐበዝ በደጅ ጥናት ያረጃል፤ የሸፈተው ግን ጥቂት ዓመት ካስቸገረ በኋላ በዕርቅ ተጠርቶ ይሾማል። ካሣም እንዲሁ በ1837 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ተሰጠው፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችንም ዳሩለት። መንግሥት ሽፍታን በሹመትና በጋብቻ ሲያስር ይህ ልማዱ ነበር።

ግን ስድቡ አልቀረም። ከእቴጌይቱ መኳንንት አንዱ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣና በካሣ እጅ ተማረከ። ካሣም፣ “እናቴ ገበያ ውላ ሳትሸጠው የተረፈ ነው” ብሎ ኮሶ አስጠጣው እየተባለ ይተረካል። ሞርጋን ስለ ልጅነቱ የተጻፈበትን ወደ ዳኛ ወሰደ፤ ካሣ ግን ስድቡን በጽዋ መለሰ። የሁለቱም ቍስል አንድ ነው።

ካሣ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማረከ። በኅዳር 1845 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔም በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸንፎ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከነገሠም በኋላ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ ዐወጀ። በዚህ ላይ አንድ የሚተረክ ነገር አለ። ሽፍቶች የጦር መሣሪያቸውን ይዘው መጡና፣ “ጃንሆይ፣ እንደ ዐዋጁ ወደ አባታችን ሥራ ልንመለስ ነው” አሏቸው። ንጉሡም፣ “የአባታችሁ ሥራ ምንድር ነው?” ብለው ቢጠይቁ፣ “ቅሚያ” ብለው መለሱ። ንጉሡ በሬና ማረሻ ልስጣችሁና እረሱ አሏቸው። ሽፍቶቹ እንቢ ብለው በዐዋጁ ጸኑ፤ ሲመለሱም በመንገድ ላይ በፈረሰኛ አስጨረሷቸው ይባላል።

ተማሪዎቹ በዚህም ሣቁ። እኛ ግን ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ዓመት የዘለልነው ነገር አለ፤ በዚያ ቀን ግን አልዘለልነውም። ንጉሡ በመጀመሪያ በሬ ሰጡ። ቈላ ሲኖሩ የራበው ሽፍታ ምን እንደሚሻ ያውቁ ነበርና አስቀድመው ማረሻ አቀረቡ፤ ሰይፍ የመጣው በኋላ ነው። ዘመናቸው እየከፋ ሲሄድ ግን ማረሻው ተረሳና ሰይፉ ቀረ። በ1859 ዓ.ም. የጐንደርን ከተማ አስዘረፉ፤ አስቃጠሉም። በየአውራጃው ሽፍታ በዛ። አንድ ጊዜ ቈላ ወርዶ የሸፈተው ሰው በመጨረሻ የቀረው የሰፈረበት ምድርና የመቅደላ አምባ ብቻ ሆነ፤ በዚያም በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የገዛ ነፍሱን አጠፋ። ገበሬውን የወደደውን ያህል ኋላ ገበሬው ሸሸው።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አፋፍ እያመለከትን፣ “ከዚህ ባሻገር ደንዲ ነው” አልናቸው። በዚያ አገር በ1913 ዓ.ም. ጃጋማ ኬሎ ተወለዱ። ጣልያን ሲገባ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ጫካ ገብተው በጅባትና ሜጫ ተዋጉ። ጣልያኖች አርበኛውን ሁሉ “ሽፍታ” ይሉት ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አገሩን ለማስለቀቅ የሸፈተን ሰው ከብር ፈላጊው ከሞርጋን ጋር በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ነውር ነው። ነገር ግን ስያሜውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ልብ እንድትሉ ነው አልናቸው። ያው ሰው፣ በዚያው ጫካ፣ በያዘው ያው ጠመንጃ፣ በጣልያን ወረቀት ሽፍታ፣ በእኛ ልብ አርበኛ ነበረ።

ከነጻነት በኋላ የጫካ ሰው ሁሉ ዕድሉ አንድ አልሆነም። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸና ተሰጠው፤ ሹመቱ ከሥራው አነሰበትና ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። ጃጋማ ግን ወደ መደበኛው ጦር ገብተው እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደረሱ። በመጨረሻም በአንድ ወቅት እርሳቸው የቆሙበት ቦታ ላይ የቆመ ሰው በፊታቸው መጣ። በባሌ፣ በመሬትና በግብር፣ በአስተዳደርም በደል ምክንያት የተነሣው ዐመፅ በዋቆ ጉቱ መሪነት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር። ጦር ሄደበት፤ አውሮፕላን ሄደበት። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ ሲገቡ ግን ያስገባቸው ንግግር ነው፤ በንግግሩም ዋናው ሰው ጃጋማ ኬሎ ነበሩ። ጫካ ያደረ ሰው ጫካ ያለውን ሰው በምን ቃል እንደሚጠሩት ያውቃል። ይህ ማለት በባሌ ገበሬ ላይ የደረሰው ሁሉ ተካሰ ማለት አይደለም፤ ዋቆ ጉቱም ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ሸፍተዋል። ቢሆንም ያን ጊዜ አንድ ሹም የቀድሞ ራሱን በሌላ ሰው ፊት ላይ አይቶ አልካደም። ጄኔራል ጃጋማ በ2009 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ዕድሜያቸው ዘጠና ስድስት ዓመት ነበር።

ታሪኩን በዚህ ጨረስን። ዝምተኛዪቱ ልጅ ግን ገና ታየን ነበር። “እነዚያ ሰዎች ምን እንዳሉት አልነገሩንም” አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው።

አሁን የገዛ ታሪካችንን እንናገር።

በተማሪነታችን ዘመን አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርን። ለምሳ የሚሰጠን ዳቦ ይሻግትና ነፍሳት ይገኝበት ነበር። ብንናገር የሚሰማን ጠፋ። ስለዚህ እኛ ራሳችን ጓደኞቻችንን ሰብስበን፣ ዳቦውን በሳጥን ሞልተን፣ ከቢሮው ደጃፍ አፈሰስነው፤ ሦስት ቀንም ምግብ ቤት ሳንገባ ቀረን። የነገሩ መሪ ማን እንደ ሆነ ሲመረመር ስማችን ተገኘ። ሊያስወጡን ጽፈው ሳለ አንድ ሽማግሌ የሒሳብ መምህር ተነሥተው፣ “ይህ ልጅ ስለ ዳቦው የተናገረው ውሸት ነው?” ብለው ብቻ ጠየቁ። ማንም መልስ አልሰጠም። ዋስ ሆነው አስቀሩን። ባያስቀሩን ኖሮ ዛሬ መምህር አንባልም ነበር።

ዓመታት አለፉና ርእሰ መምህር ሆንን። የዳቦውን ታሪክ ለማንም አልነገርንም። ሹመት ሲመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያጸዳው ቢሮውን ሳይሆን የገዛ ታሪኩን ነው። በአምስተኛው ዓመት አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ የሒሳብ ትምህርት ግማሽ ዓመት ሳንማር ፈተና አንቀመጥም ብሎ ክፍሉን ይዞ ከፈተናው አዳራሽ ወጣ። የተናገረው እውነት ነበር፤ መምህሩ ለብዙ ወራት አልገባም። እኛ ግን ልጁ እውነት ተናግሯል ወይ ብለን አልጠየቅንም። ማን አነሣሣ ብለን ጠየቅን። በእኛ ላይ ተጠይቆ የነበረውም ይኸው ጥያቄ ነው። ደንቡን አወጣን፤ አንቀጹን ጠቀስን፤ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንዲገለል ፈረምን። ያን ጊዜ ይሰማን የነበረው ጸጸት ሳይሆን ጽናት ነው፤ እንዲያውም የዐመፅን ጠባይ እኛ እናውቀዋለን፤ በእንጭጩ ካልተቀጨ አይሆንም እያልን ለባልደረቦቻችን እናስረዳ ነበር። ሞርጋንም የባሕር ወንበዴን መደበቂያ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም።

የልጁ አባት በሳምንቱ መጡ። ከደጋ ነው የመጡት፤ ፈረሳቸውን ከአጥሩ ውጭ አስረው፣ ካፖርታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘው ገቡ። ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። “ልጄ ሰረቀ?” ብለው ጠየቁን። “አልሰረቀም” አልናቸው። “ሰው መታ?” “አልመታም።” “ዋሸ?” በዚህ ጊዜ ስለ ሥነ ሥርዐት አንድ ረዥም ነገር ተናገርን። እርሳቸው እስክንጨርስ ታግሠው፣ “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለው ወጡ። ልጁን ያየነው የዚያን ዕለት ከበሩ ሆኖ አባቱን ሲጠብቅ ነው። ወደ መስኮታችን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየ እንጂ ምንም አላለም። በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሰም። ከዚያም በኋላ ወሬውን አልሰማንም።

ለልጅቱ ጥያቄ የምናውቀው መልስ እንግዲህ ይህ ብቻ ነው። እነዚያ ሰዎች ለሞርጋን ምን እንዳሉት አናውቅም፤ ያ ልጅ ግን ለእኛ ምንም አላለንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ እንደ አየነው የወጋውም አይረሳም፤ የሚረሳ የሚመስለው ወንበሩ ላይ ሳለ ብቻ ነው።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል” የሚለውን ተረት አንባቢያችን ሁሉ ያውቀዋል። በሹመት የቀረበትን ምግብ ሲያስታውስ የሚቈጭ ሰው መኖሩን አንክድም። እኛ ግን ከተሻርን ወዲህ የቈጨን ያልበላነው ሳይሆን ያልጠየቅነው ነው። ሽማግሌው የሒሳብ መምህር ለእኛ የጠየቁትን አንዲት ጥያቄ፣ ወንበሩ በእኛ እጅ ሲሆን ለሌላ ልጅ ለመጠየቅ ነፈግን። ትምህርት ቤትም ሆነ ወረዳ፣ ሚኒስቴርም ሆነ ክፍለ ጦር፣ በኋላው ሕይወቱ አንድ ጊዜ እንቢ ያላለ ሹም ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን እንቢ ብለን፣ ተይዘን፣ ዋስ አግኝተን ነው ከዚህ የደረስነው። ከተሾምን በኋላ የሚለየን ነገር ቢኖር፣ ዋሳችንን ማስታወሳችን ወይም መርሳታችን ነው። የቀድሞ እንቢታውን የደበቀ ሹም ከሌላው ይልቅ የጨከነ ይሆናል፤ በፊቱ የቆመው ልጅ ምስጢሩን የሚያወጣበት ይመስለዋልና።

ሰር ሔንሪ ሞርጋን በ1688 በአልጋው ላይ ሞተ፤ በመድፍ ተኩስና በክብር ተቀበረ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1692፣ የምድር መናወጥ የፖርት ሮያልን ከተማ አብዛኛውን ክፍል ወደ ባሕር አሰጠመው፤ የሹሙም መቃብር አብሮ ሰጠመ። ይህን በመመለሻችን ጀልባ ላይ ስንነግራቸው፣ ልጆቹ ወደ ውኃው ተጐንብሰው የሰጠመ ነገር የሚያዩ ይመስል ዝም አሉ።

ከሐይቁ ወደ አፋፉ ሽቅብ ስንወጣ ፈረሶቹ ደክመው ነበርና ወርደን በእግር ሄድን። ያን ጊዜ የዳቦውን ታሪክ ነገርናቸው። እጅግ ሣቁ፤ አንዱ እንዲያውም ዳቦው ስንት ሳጥን እንደ ነበረ ጠየቀ። ዝምተኛዪቱ ልጅም ሣቀች። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅነው ነገር በአንድ አቀበት ላይ እንዲህ ቀላል ሆኖ መገኘቱ አስገረመን።

የነገርናቸው ግን እኩሌታውን ብቻ ነው። የፈረምነውን ደብዳቤና የአባትዬውን ሦስት ጥያቄ ልንነግራቸው አፋችንን ከፍተን ሳለ አፋፉ ደረስን፤ መኪናውም ይጠብቀን ነበር። የቀረውን እኩሌታ እነሆ በዚህ ጻፍነው። ያ ልጅ ዛሬ ሰው ሆኗል፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ በአንድ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ይሆናል። ይህ ገጽ ከእጁ ቢገባ፣ ያን ቀን እውነት መናገሩን እናውቅ እንደ ነበረ ይወቅልን። በፊቱም አንድ እንቢ ያለ ልጅ ቢቆም፣ እኛ ያልጠየቅነውን እርሱ እንዲጠይቅልን እንለምነዋለን።